ኢማናችን የውሸት ጌጥ አያስፈልገውም



ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው። የአላህ ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

በዚህ ሳምንት አንድ ወንድማችን በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ሮዝና ጥቁር ደመና እንደ ጨርቅ የተዘረጋበት የሰማይ ፎቶ ነው። ከሥሩ በትልልቅ ፊደል "ሱብሃነላህ! ናሳ የጀነትን በር አገኘ፤ ሳታጋሩ አትለፉ" የሚል ጽሑፍ አለው። ወንድማችን ሁለት ጥያቄ ጠየቀኝ። "ኡስታዝ፣ ይሄ ነገር እውነት ነው እንዴ? እውነት ባይሆንስ፣ ሰው አይቶት ሱብሃነላህ እስካለ ድረስ ምን ችግር አለው?"

የመጀመሪያው ጥያቄ ቀላል ነው። ሁለተኛው ግን ሳምንቱን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣም። ምክንያቱም ብዙዎቻችን አፍ አውጥተን ባንናገረውም በልባችን እንደዚያው እናስባለን። ውጤቱ ኢማን ከሆነ፣ መንገዱ ትንሽ ቢጣመም ምን አለበት እንላለን። ዛሬ በአላህ ፈቃድ ሁለቱንም አብረን እንይ።

ፎቶው የምን ነው?

ፎቶው እውነተኛ ነው። የጀነት በር ግን አይደለም። ቦታው ሮ ኦፊዩኪ የሚባል፣ ከእኛ 390 የብርሃን ዓመት ገደማ የሚርቅ የጋዝና የአቧራ ደመና ነው። ከዋክብት ከሚወለዱባቸው ስፍራዎች ሁሉ ለምድራችን በጣም ከሚቀርቡት አንዱ ነው። ቅርብ የተባለውን ቅርበት አስቡት፤ ዛሬ ማታ ዓይናችን ላይ የሚያርፈው ብርሃን ከዚያ የተነሳው ጎንደር ከተማ በተቆረቆረችበት ዘመን አካባቢ ነው።

ስፍራውን ሰማይ ላይ ማግኘት አይከብድም። በአጠገቡ ቀላ ያለ ደማቅ ኮከብ አለ። ዓረቦች ከጥንት ጀምሮ ቀልቡል ዐቅረብ ይሉታል፤ የጊንጥ ልብ ማለት ነው። በአውሮፓውያን ዘንድ አንታሬስ ይባላል። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት ከፈጅር በፊት ተነስታችሁ ወደ ደቡብ ብትመለከቱ፣ ጊንጡ ጅራቱን ቆልምሞ ከነልቡ ታዩታላችሁ። ከአገር ቤት ርቃችሁ ጅዳ ወይም ሪያድ ያላችሁትም፣ ከእኛ ጋር ሲነጻጸር ዝቅ ብሎ ይታያችኋል እንጂ አይጠፋባችሁም።

ያ ሁሉ ቀለም ከየት መጣ? ሰማያዊው ክፍል በመሃሉ ያሉ ትኩስ ከዋክብት ብርሃን ከአቧራው ላይ ተበትኖ የሚመጣ ነው። አቧራው ከጭስ ብናኝ የማይበልጥ ደቃቅ ስለሆነ ሰማያዊውን ብርሃን አብልጦ ይበትናል። በቀን ሰማያችንን ሰማያዊ የሚያደርገው መበተን የዚህ ዘመድ ነው። ቢጫው ደመና የቀልቡል ዐቅረብን ብርሃን መልሶ የሚያንጸባርቅ አቧራ ነው። ቀዩና ሮዙ በአቅራቢያው ካሉ በጣም ትኩስ ከዋክብት ጉልበት የተቀበለ የሃይድሮጅን ጋዝ በራሱ የሚሰጠው ብርሃን ነው። ጥቁሩስ? ጥቁሩ አቧራው እጅግ የወፈረበትና ከኋላው ያሉትን ከዋክብት ሁሉ የሸፈነበት ነው።

ከሁሉ የሚደንቀው ይህ ጥቁሩ ክፍል ነው። በውስጡ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 260 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ጋዙ እንዲህ ሲቀዘቅዝ የሚገፋው ሙቀት ስለሚያንሰው የራሱ ስበት ያሸንፈዋል፤ ወደ ውስጥ ይሰበሰባል፣ ይጠብቃል፣ በመጨረሻም መሃሉ ይግላል። ኮከብ የሚወለደው እዚያ ነው። ከውጭ ሲታይ ጨለማና ቅዝቃዜ ብቻ ነው፤ ከውስጥ ግን የኮከብ ማሕፀን ነው።

ቀለም የተቀባ ፎቶ ውሸት ነው?

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ "እነዚህ የሳይንስ ፎቶዎች ራሳቸው ቀለም የተቀቡ አይደሉም እንዴ?" ትሉ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ወደ ዋናው ጉዳያችንም የሚያደርሰን እርሱ ነው።

ወንድማችን የላከው ፎቶ ካሜራ ለብዙ ሰዓት ብርሃን ሲያጠራቅም የተገኘ ነው። ዓይናችን እንዲያ ማጠራቀም ስለማይችል፣ በገጠር ጨለማ ውስጥ ቆመን ብናይ እንኳ ያ ሁሉ ቀለም አይታየንም። የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 12 ቀን 2023 የወጣው የዚሁ ስፍራ ፎቶ ደግሞ ከዚህ አልፎ ይሄዳል። ዌብ የሚያየው ኢንፍራሬድ የሚባለውን፣ የሰው ዓይን ፈጽሞ የማያየውን ብርሃን ነው።

እናቶቻችን ማታ ፍሙን በአመድ ሲያዳፍኑት አይታችኋል። ዓይን የሚያየው አመዱን ብቻ ነው። እጃችሁን ጠጋ ስታደርጉ ግን ሙቀቱ ይሰማችኋል፤ ከአመዱ ሥር ያለው እሳት አልሞተም። ዌብ የሚያደርገውም ወደዚህ የቀረበ ነው። አቧራው ለዓይናችን የሚሆነውን ብርሃን ይጋርዳል፤ ኢንፍራሬዱ ግን አብዛኛው ያልፋል። በዚያ ፎቶ ላይ 50 ያህል ወጣት ከዋክብት ተገኝተዋል። ብዙዎቹ ፀሐያችንን የሚያህሉ ወይም ከእርሷ የሚያንሱ ናቸው። አዲስ ኮከብ የከበበውን ደመና በርቅሶ ሲወጣ የሚፈነጥቀው ጋዝም በግልጽ ይታያል።

ታዲያ የማይታየው ብርሃን ቀለም እንዴት አገኘ? ባለሙያዎቹ በሥርዓት ሰጡት። ከኢንፍራሬዱ ረጅም ሞገድ ያለውን ወደ ቀይ፣ አጭሩን ወደ ሰማያዊ አደረጉት። ይህን ማድረጋቸውንም አልደበቁም።

ይህ ውሸት ሳይሆን ትርጉም ነው። እኛ ሙስሊሞች ደግሞ ትርጉም ምን እንደሆነ እናውቃለን። ዓረብኛ የማያውቅ ወንድማችን የአማርኛውን ትርጉም ሲያነብ መልእክቱ ይደርሰዋል። ነገር ግን ማንም አማርኛውን ይዞ "ይህ ራሱ ቁርኣን ነው" አይለውም፤ በሽፋኑ ላይ ትርጉም መሆኑ ተጽፏል። ታማኝ ተርጓሚ በመሃል መቆሙን ይነግራችኋል፣ ከራሱ አይጨምርም፣ ሲጠየቅም መንገዱን ያሳያል። "የጀነት በር" ብሎ የጻፈው ሰው ግን አልተረጎመም። ማንም ያልነገረውን በአላህ ፍጥረት ላይ ለጠፈ። ጀነት የጋይብ ጉዳይ ነው። ስለ ጋይብ አላህና መልእክተኛው ከነገሩን አልፎ መናገር ለማናችንም አልተፈቀደም።

እኔም ያሳየሁት ጽጌረዳ

ይህን የምጽፈው ንጹሕ ሆኜ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ዓርብ ማታ በጀመዓችን ፕሮግራም ላይ ደርስ እንድሰጥ ተጋበዝኩ። ያኔ በየስልኩ ይዞር የነበረ አንድ ፎቶ ነበረ። ቀይ ጽጌረዳ የሚመስል ኔቡላ ነው። ከጎኑ የሱረቱ ራሕማን 37ኛው አንቀጽ ተጽፎበታል፤ ሰማይ ተሰንጥቃ እንደ ጽጌረዳ ስለምትቀላበት ጊዜ የሚናገረው። "ቁርኣን ከ1400 ዓመት በፊት የተናገረውን ናሳ ዛሬ ፎቶ አነሳው" ብዬ ፎቶውን በፕሮጀክተር አሳየሁ። አዳራሹ በተክቢራ ተናወጠ። እኔም ያን ማታ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ሳላጣራ ነበር። ያ ፎቶ ሀብል ቴሌስኮፕ ያነሳው የድመት ዓይን የተባለ ኔቡላ ነው። 3,000 የብርሃን ዓመት ገደማ ርቆ፣ ፀሐያችንን የመሰለ አንድ ኮከብ ሊሞት ሲል የውጭ አካሉን እየጣለ የሚገኝበት ስፍራ ነው። ሰማይ አልተሰነጠቀችም። አንቀጹን ደግሞ ቀጥሎ ካሉት አንቀጾች ጋር ያነበበ ሰው የሚናገረው ስለ ቂያማ ቀን መሆኑን ያውቃል። መድረሳ ውስጥ ተፍሲር የቀራሁት እኔ ይህን ማወቅ ነበረብኝ። አውቅም ነበር። የአዳራሹ ሙቀት አስረሳኝ።

ከዓመታት በኋላ ያን ማታ አዳራሹ ውስጥ የነበረ አንድ ልጅ ጻፈልኝ። ሶላት ላይ የጠነከረው ከዚያች ምሽት በኋላ እንደነበር ነገረኝ። ከዚያ አንድ ቀን የዶርም ጓደኛው የፎቶውን እውነተኛ ታሪክ ከኢንተርኔት አውጥቶ አሳየው። "ኡስታዝ" አለኝ፣ "ያኔ ያፈርኩት በፎቶው ብቻ አልነበረም። ይሄ ውሸት ከሆነ ሌላው የነገሩኝስ ብዬ ወራት ሙሉ ሶላት ተውኩ።" አልሐምዱሊላህ ተመልሷል። የተመለሰው ግን በእኔ ደርስ ሳይሆን በእናቱ ዱዓ እንደሆነ ነው የማምነው።

ወንድሜ ሆይ፣ እህቴ ሆይ! "ምን ችግር አለው?" ለሚለው ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ ይህ ልጅ ነው። ኢማኑን በሐሰት ሥዕል ላይ ያቆምንለት ሰው፣ ሥዕሉ ሲወድቅ አብሮ ይወድቃል። ሰውዬው የሚጥለው ደግሞ ሥዕሉን ብቻ አይደለም፤ በእኛ አፍ የሰማውን እውነት ሁሉ አብሮ ይጠራጠራል።

ፀሐይ የጨለመች ዕለት

ሁለተኛው መልስ ግን ከዚህ ይበልጣል። ማንም የማይደርስበት ውሸት ቢሆንስ? ኢማኑ ባይወድቅስ? ያኔ ይፈቀዳል? መልሱን ከረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሕይወት እንፈልገው።

ከሂጅራ በኋላ በ10ኛው ዓመት የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ ኢብራሂም ሞተ። ገና ጡት ያልጣለ ሕፃን ነበር። አባቱ በእቅፋቸው ይዘውት ዓይናቸው አነባ። በዚያው ዕለት ፀሐይ ተጋረደች። መዲና ጨለመች። ሰዎችም ፀሐይ የጨለመችው ለኢብራሂም ሞት ነው ተባባሉ።

አሁን ቆም ብላችሁ አስቡ። ይህን ወሬ እሳቸው አላስወሩትም። ሰዎቹ የተናገሩት ከፍቅር ነው። በከተማዋ ውስጥ ሙናፊቆች ነበሩ፣ ልባቸው ገና ያልጸና አዲስ ሙስሊሞችም ነበሩ። ሰማይ ራሷ ለሙሐመድ ልጅ አዘነች ቢባል ስንቱ ልብ ይማረክ ነበር! አንድም ቃል መዋሸት አያስፈልጋቸውም ነበር። ዝም ማለት ብቻ ይበቃ ነበር። ደግሞም ልጃቸውን ያጡ አባት ናቸው፤ በዚያች ሰዓት ዝም ቢሉ ማን ይወቅሳቸዋል?

ዝም አላሉም። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት ወደ መስጂድ ወጥተው ረጅም ሶላት አሰገዱ፤ ከዚያም ፀሐይና ጨረቃ ከአላህ ምልክቶች መካከል ሁለቱ እንደሆኑ፣ ለማንም መሞት ወይም መኖር እንደማይጋረዱ ለሰዎቹ አስረዱ። ይህን ሲያዩ ወደ ሶላትና ወደ ዱዓ እንዲሮጡም አዘዙ።

የሠሩትን ልብ በሉ። የሐሰቱን ትርጉም ጣሉ፤ አድናቆቱንና ስግደቱን ግን አስቀሩ። ግርዶሹ ምልክት አይደለም አላሉም፤ ምልክት መሆኑን አጸኑ። የእኔ ቤት ምልክት ነው መባሉን ግን እምቢ አሉ። ሰው ወደ አላህ የሚመጣው በእውነት መንገድ እንጂ በተሳሳተ ወሬ እንዲሆን አልፈቀዱም፤ ወሬው እሳቸውን የሚያከብር ቢሆን እንኳ።

ከእሳቸው በኋላ ዑለማዎቻችን በዚሁ መንገድ ጸኑ። በታሪካችን ውስጥ ሰዎችን ወደ ቁርኣን ለመመለስ ብለው ስለየሱራው ትሩፋት ሐዲስ የፈጠሩ ሰዎች ነበሩ። ሲጠየቁም የዋሹት በነቢዩ ላይ ሳይሆን ለነቢዩ ጥቅም እንደሆነ ተከራከሩ። የሐዲስ ሊቃውንት ግን ኒያቸውን አይተው አላለፏቸውም፤ ስማቸውን ከውሸታሞች መዝገብ ጻፉት። እንዲያውም ከሁሉ የከፋ ጉዳት ያደረሱት እነዚህ ናቸው ያሉ አሉ፤ ምክንያቱም ሕዝቡ ደግነታቸውን አይቶ ያምናቸዋል። እንግዲህ ለቁርኣን ተብሎ ሐዲስ መፍጠር ካልተፈቀደ፣ ለቁርኣን ተብሎ ኔቡላ መፍጠር እንዴት ይፈቀዳል?

ሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ ያዘናል። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) የሰማውን ሁሉ የሚያወራ ሰው በዚያ ብቻ ውሸታም ለመባል እንደሚበቃው አስተምረዋል። በእኛ ዘመን "የሰማውን ሁሉ ማውራት" አንድ ጣት ብቻ ይፈልጋል።

የሰማዩ ቀዳዳ

"ታዲያ ሰማይን ማየት እንተው ወይ?" እንዳትሉኝ። ቁርኣን ደጋግሞ ወደ ሰማይ እንድናይ ያዘናል። ልዩነቱ እንዴት እንደምናይ ነው። ይህን የሚያሳይ፣ ከዚሁ ከሮ ኦፊዩኪ ጋር የተያያዘ አንድ ታሪክ ላውጋችሁ። መጀመሪያ ሳነበው እኔን ራሴን የፈተነኝ ነው።

ዩራነስ የምትባለውን ፕላኔት እ.ኤ.አ. በ1781 ያገኘው ዊልያም ሄርሼል በዘመኑ ከነበሩት ሰማይ ተመልካቾች ሁሉ የላቀ ነበር። በጊንጡ አካባቢ ቴሌስኮፑን ሲያዞር በከዋክብት መሃል ባዶ ጨለማ አጋጠመው። እ.ኤ.አ. በ1785 ባሳተመው ጽሑፍ በሰማይ ላይ ያለ ክፍተት፣ ቀዳዳ አድርጎ ገለጸው። ከዳሩ ላይ የታጨቁ ከዋክብት ስላሉ፣ ምናልባት ከዋክብቱ ወደዚያ ተሰብስበው ስፍራውን ባዶ አስቀርተውት ይሆናል ብሎ ጠረጠረ። ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ኤድዋርድ ኤመርሰን ባርናርድ የተባለ አሜሪካዊ እነዚህን ጨለማ ቦታዎች ፎቶ አነሳ። እርሱም ለዓመታት አመነታ። እ.ኤ.አ. በ1919 የ182 ጨለማ ስፍራዎችን ዝርዝር ሲያሳትም ግን ብዙዎቹ ቀዳዳ ሳይሆኑ ከኋላቸው ያለውን ብርሃን የሚጋርዱ ደመናዎች ናቸው ወደሚለው አዘንብሎ ነበር። ትክክል ነበር። ዌብ 50ዎቹን ወጣት ከዋክብት ያሳየን ሄርሼል ቀዳዳ ካለው በዚያው ሰፈር ነው።

ይህን ሳነብ ወዲያው ሱረቱል ሙልክ ትዝ አለኝ። አላህ በሰማይ ላይ ስንጥቅ እናገኝ እንደሆነ ዓይናችንን መላልሰን እንድናይ ይጋብዘናል፤ ዓይናችን ደክሞ እንደሚመለስም ይነግረናል። እጄ ስልኬን አነሳ። "ታላቁ ሳይንቲስት ቀዳዳ አለ፤ ቁርኣን ቀዳዳ የለም አለ፤ ቁርኣን አሸነፈ!" ብዬ ልጽፍ ነበር። በሺህ የሚቆጠር ሼር እንደሚያገኝ አውቃለሁ።

ከዚያ ያ ልጅ ትዝ አለኝ፤ ስልኩን አስቀመጥኩት።

ለምን? ምክንያቱም ሥነ ፈለክ ከዚያ አካባቢ ውጭ ጋዝ በጣም የሳሳባቸው፣ ጋላክሲዎችም እጅግ ጥቂት የሆኑባቸው ሰፋፊ ባዶ ስፍራዎች እንዳሉ ያውቃል። ዛሬ እኔ "አንቀጹ የሚናገረው ስለ ባዶ ቦታ ነው" ብዬ ከደመደምኩ፣ ነገ አንዱ ያንን ባዶ ስፍራ አምጥቶ አንቀጹን ሊያስተባብል ይነሳል። ያኔ የሚወድቀው የእኔ ግምት ነው፤ ሰው የሚያየው ግን ቁርኣን እንደወደቀ ነው። አንቀጹ ከእኔ ግምት በፊት ሙሉ ነበር። ቴሌስኮፕ ያላየው የመካ እረኛም በዓይኑ ብቻ ተመልክቶ ተረድቶት ተንበርክኳል።

በቁርኣንና በሳይንስ ግንኙነት ላይ ዑለማዎቻችን የተለያየ አስተያየት እንዳላቸው አውቃለሁ። በጥንቃቄና በመስፈርት የሚያገናኙ የተከበሩ ሊቃውንት አሉ፤ እነሱን እየነቀፍኩ አይደለም። እኔ የምናገረው ስለ ችኮላው ነው፤ ተፍሲሩን ሳንከፍት፣ ሳይንሱንም ሳንጠይቅ በሁለቱም ላይ ስለምንዋሸው።

በእኛ ታሪክ ውስጥ ሌላ ምሳሌ አለን። አብዱረሕማን አስሱፊ የተባለው ሙስሊም ሊቅ እ.ኤ.አ. በ964 አካባቢ ስለ ቋሚ ከዋክብት በጻፈው መጽሐፍ፣ ዛሬ አንድሮሜዳ ጋላክሲ የምንለውን መዝግቧል። ምን ብሎ? ትንሽ ደመና ብሎ። ያየው ያን ያህል ነበር፤ የጻፈውም ያን ያህል ነው። ከእርሱ በፊት የነበረው የበጥሊሞስ መጽሐፍ የተከበረ ነበር፤ እርሱ ግን በዓይኑ አይቶ ሲለይበት አረመው። ሺህ ዓመት ካለፈ በኋላም ሙስሊም ያልሆኑ ሊቃውንት ሳይቀሩ ስሙን በክብር ያነሳሉ። ዲኑን ያስከበረው ከታማኝነቱ ጋር ነው።

ማስረጃ ሳይሆን ትምህርት

እንግዲህ ከዚያ ጥቁር አቧራ ማስረጃ ባላወጣ እንኳ ትምህርት መውሰድ ይፈቀድልኛል። የወሰድኩት ይህ ነው፦ ሄርሼል አልዋሸም። ጨለማ አየ፤ ጨለማ ነበረ። የተሳሳተው "የማይታየኝ ስለሌለ ነው" ያለ ጊዜ ነው።

እኛስ? ሱብሕ ሶላት ላይ መስጂድ ያላየነውን ወንድም ባዶ ነው ብለን ስንቴ ፈርደናል? ሒጃቧ እኛ እንደምንፈልገው ያልሆነችን እህት ልቧ ውስጥ ምን እንዳለ ማን ነገረን? ለዓመታት ያደረግነው ዱዓ መልሱ ስላልታየን አልተሰማም ብለናል። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ በራሳችሁ ላይ ትፈርዳላችሁ፤ ሶላት ውስጥ ቆማችሁ ምንም ሳይሰማችሁ ሲቀር "ኢማኔ ሞቷል" ትላላችሁ። ምናልባት አልሞተም፤ እንደዚያ ፍም ተዳፍኖ ይሆናል። ቅዝቃዜው ሁሉ መጨረሻ አይደለም። ኮከቡ የሚሰበሰበው በቀዝቃዛው ስፍራ ነው።

ይህን እንደ ትምህርት እንጂ እንደ ቁርኣን ተአምር እንዳታጋሩብኝ አደራ።

ከዚህ በኋላ እንዲህ ያለ ፎቶ ሲደርሳችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ። ፎቶው የምንድን ነው? የተጠቀሰው አንቀጽ ከፊቱና ከኋላው ካሉት ጋር ሲነበብ ስለ ምን ይናገራል? ይህን ነገር ሐሰት ሆኖ ባገኘው ማን ይጎዳብኛል? መልስ ካጣችሁ ዝም በሉ፤ ዝምታም አማና ነው። ቀድማችሁ ያጋራችሁት ሐሰት ካለ ደግሞ ባጋራችሁበት ቦታ ላይ "ተሳስቼ ነበር" ብላችሁ ጻፉ። እኔ ይህን ከጻፍኩ በኋላ የቀለለኝን ያህል ያን ማታ በተክቢራው አልቀለለኝም።

ከዚያም ስልኩን አስቀምጡና ወደ ደጅ ውጡ። ኢብኑ ዓባስ ልጅ ሳለ በአክስቱ በመይሙና ቤት ባደረበት ሌሊት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከእንቅልፋቸው ተነስተው ወደ ሰማይ ሲመለከቱና የሱረቱ ኣሊ ዒምራንን የመጨረሻ አንቀጾች ሲቀሩ አይቷቸዋል። ቴሌስኮፕ አልነበራቸውም፤ ፎቶም አልነበረም። የነበረው ሰማዩና የነቃ ልብ ብቻ ነበር። እናንተም ለሰሁር ወይም ለተሀጁድ ስትነሱ ወደ ደቡብ ተመልከቱ። ቀልቡል ዐቅረብን ፈልጉት። አጠገቡ ጨለማ ሆኖ የሚታያችሁ ስፍራ ባዶ እንዳልሆነ አሁን ታውቃላችሁ። የጀነት በር ነው ማለት አያስፈልገንም። የአላህ ፍጥረት መሆኑ ይበቃናል፤ ይበዛብናልም።

አላህ ሆይ! እውነትን እውነት አድርገህ አሳየን፣ እንድንከተለውም እርዳን። ሐሰትን ሐሰት አድርገህ አሳየን፣ እንድንርቀውም እርዳን። በእኛ ምላስና በእኛ ጣት የተሳሳተን ሰው ሁሉ ወደ አንተ መልስ፤ እኛንም ይቅር በለን። ኣሚን።

ጁሙዓ ሙባረክ። ዛሬ ሱረቱል ካህፍን መቅራትና በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሶላዋት ማብዛት አትርሱ።

ወስሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።